በአንድ ደሞዝ ሁለት ክፍል

ማይኩን የሚያውቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያወቀው በጆሮው ነው። ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣ ወላጅ ገና ከትምህርት ቤቱ በር ሳያልፍ፣ ለዘበኛው መታወቂያውን እያሳየ፣ ከግቢው ጥግ "የቀኝ ልብ ደሙን ወዴት ይልካል?" የሚል ድምፅ ይቀበለው ነበር። ዘበኛው ለምዶታልና መታወቂያውን እያገላበጠ "ወደ ሳንባ" ብሎ ይመልሳል። በዚያ በር ላይ ቆሞ የስምንተኛ ክፍልን ሳይንስ ስንት ጊዜ ደጋግሞ እንደተማረ ራሱም አያውቀውም። ሲቀልድ፣ አያስፈትኑኝም እንጂ ቢያስፈትኑኝ አንደኛ ነኝ ይላል።

የመዝገብ ስም አለው። ተማሪዎቹ ግን ገና በመጣበት ዓመት ማይክሮፎን አሉት፤ ሲረዝምባቸው ማይኩ ብለው አሳጠሩት፣ በዚያው ጸና። ለመምህራኑም ማይኩ ነው፣ ለሻይ ቤቷ ሴትዮም ማይኩ ነው። ሚስቱ እንኳ ስትናደድ፣ "ስማ ማይኩ፣ እዚህ ቤት ሰማንያ ሰው የለም፣ ዝቅ አድርገው" ትለዋለች። እሱ ስሙን አይጠላውም ነበር። እንዲያውም ለማያውቁት ሰዎች ራሱ ይናገራል፤ መምህር ከደሞዙ ሌላ የሚያገኘው ነገር ካለ ይኸው ነው እያለ።

የሚያስተምርበት ቤት ሲሠራ ትምህርት ቤት እንዲሆን ታስቦ አይደለም። መጋዘን ነበር፤ ረጅም አዳራሽ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የሚባል ነገር የሌለው። ተማሪ ሲበዛ አዳራሹን በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፈሉትና ወዲህ ያለውን ስምንተኛ "ሀ"፣ ወዲያ ያለውን ስምንተኛ "ለ" አሉት። ኮምፔንሳቶው ጣሪያው ጋ ሳይደርስ ቀረ። በጀት አለቀ ነው የተባለው። ስለዚህ እዚህ የወደቀ እርሳስ እዚያ ይሰማል፤ እዚያ የተሳቀበት ነገር እዚህ "በምን ሳቁ?" እየተባለ ትምህርት ያስፈታል። ዝናብ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ሰማይ ላይ ያለ ሰው ጠጠር በባልዲ የሚደፋ ይመስላል። ሌሎቹ መምህራን ዝናብ ሲጀምር መጽሐፉን ይከፍቱና "ገልብጡ" ይላሉ። ተማሪው ይገለብጣል፤ መምህሩ መስኮቱ ጋ ቆሞ ያባራ እንደሆነ ያያል። ማይኩ ግን ከዝናቡ ጋር እልህ ይጋባል። ዝናቡ ሲጨምር እሱም ይጨምራል። ድንገት ሲያባራ ድምፁ ብቻውን ጸጥታው ውስጥ ሲያስተጋባ ተማሪዎቹ ያጨበጭቡለታል፤ እሱም እንዳሸነፈ ቦክሰኛ ሁለት እጁን ያነሳል።

ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ሳይንስ የሚያስተምረው ሰውዬ መጣሁ ይባላል። ይህንንም ያወጡት ተማሪዎች ናቸው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ "መጣሁ" ብሎ ይወጣል፤ የሚመለስበትን ሰዓት የሚያውቀው እሱና ፈጣሪው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሳቂታ ነው፤ ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ ነው። ከማይኩ ጋር አንድ ኮሌጅ፣ አንድ ዶርም ውስጥ ተደራርቦ በተሠራ አልጋ ላይና ታች ተኝተው ነው የተማሩት። ማይኩ ሲያገባም ሚዜው እሱ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በደግ ነው። የመጣሁ ትንሿ ልጅ ታማ ሆስፒታል ተኛች። እናትየዋ ከሥራ ፈቃድ ስትከለከል አባትየው መሄድ ነበረበት፤ ግን ክፍል አለው። ማይኩን መተላለፊያው ላይ አገኘውና፣ አንተ እንደሆነ ወትሮም ትሰማለህ፣ ትንሽ ፊትህን ወደኔ መልሰህ አስተምርልኝ፣ ልጆቼ ከዚያ ሆነው ይጻፉ አለው። ማይኩ ፊቱን ወደ ኮምፔንሳቶው መለሰ። ያልተሰማ ነገር ሲኖር የ"ለ" ክፍል አለቃ ኮምፔንሳቶውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ማይኩም ያንኑ ዓረፍተ ነገር አንድ እርከን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። እንዲህ ተስማሙ።

ልጅቷ ድና ወጣች። ኳኳታው ግን አልቆመም። መርሐ ግብር የሚያወጣው የዩኒት መሪው መጣሁ ስለነበር፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር የ"ሀ" እና የ"ለ" ሳይንስ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ወደቀ። በዚያው ሰዓት መጣሁ ከመንገድ ማዶ ካለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ክፍል ያዘ። የልጅ መድኃኒት አለበት፣ የቤት ኪራይ አለበት፤ ደሞዙ ወሩን ሳያጋምስ የሚያልቅበት ሰው ነው። የማይኩም ደሞዝ የሚያልቀው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አላስፈለገም። መጣሁ ትከሻውን ይዞ፣ በሚመጣው ሴሚስተር እንለዋወጣለን፣ አንተ ትወጣለህ፣ እኔ እጮሃለሁ አለው። ያ ሴሚስተር መጣ፣ ሄደ። ሌላውም መጣ። መጣሁ አልጮኸም፤ ማይኩም አልጠየቀም።

ነገሩን አፍረጥርጦ የተናገረው ሚኒባስ የሚነዳው የማይኩ ታናሽ ወንድም ነው። አንድ እሑድ ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ፣ "እኔ እኮ ጋሼ፣ አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ካስቀመጥኩ የሁለት ሰው ሂሳብ ነው የምቀበለው" አለው። "አንተ ሁለት መኪና ሙሉ ሰው ጭነህ የአንዱን ብቻ ትቀበላለህ። ደግሞ የተማርከው አንተ ነህ።"

ማይኩ እነሱ ተማሪ ናቸው እንጂ ተሳፋሪ አይደሉም ብሎ ሳቀ። ወንድሙ ከቴሌቪዥኑ በላይ በመስታወት የተሰቀለችውን የትምህርት ቤቱን የምስጋና ወረቀት በአገጩ አሳየውና፣ እስቲ ይቺን አውርደህ ዳቦ ቤት ይዘሃት ሂድ፣ የሚሰጡህን አያለሁ አለው። ሚስቱ ከወጥ ቤት ሆና ሳቀች። ፋርማሲ ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ሰው በኪሱ ምን እንዳለው ፊቱን አይታ የምታውቅ ሴት። ለባሏ የምትለውን ሁሉ የባሏ ወንድም ስላለላት ደስ ብሏት ነው።

ታዲያ ለምን ይጮሃል? ብዙ ሰው ጠይቆታል። ለሚስቱ ብቻ፣ ያውም አንዴ ብቻ፣ ነግሯታል። ያቺ ኳ ኳ ናት አላት። አንድ ልጅ፣ የማታየውና የማያይህ፣ ደሞዝ ያልተከፈለህበት ልጅ፣ ግድግዳ እየመታ "አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ" ሲልህ እንዴት ዝም ትላለህ? ሚስቱ የመለሰችለት ነገር አለ፤ ግን እሱን ኋላ ላይ ነው የምናመጣው።

በዓመቱ መጨረሻ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲመጣ "ለ" በሳይንስ ከ"ሀ" በለጠ። የ"ሀ" ልጆች ማይኩን ያዩታል፤ ፊቱን፣ እጁን፣ ከዝናብ ጋር የሚገጥመውን ቦክስ እያዩ ይስቃሉ። የ"ለ" ልጆች የሚያዩት ነገር የለም፤ ስለዚህ ይሰማሉ። መጣሁ መድረክ ላይ ተጠርቶ ተሸለመ። ስሙ ለምክትል ርዕሰ መምህርነት ተላከ። አዳራሹ ውስጥ ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ማይኩ ነበር። መጣሁም ከመድረክ ወርዶ አቅፎት በጆሮው፣ "ይህ ያንተ ነው" አለው። በጆሮው ነው ያለው።

ድምፁ ይሰነጠቅ የጀመረው የአዲሱ ዓመት ትምህርት እንደተከፈተ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ይሻክራል፣ በዝንጅብልና በማር ይመለሳል። ከዚያ ከቀትር በኋላም መሻከር ጀመረ። ማምሻውን በየሰው ቤት እየዞረ ልጆች ያስጠናል፤ የቤት ኪራዩን ግማሽ የሚሸፍነው እሱ ነው፤ እዚያም ማውራት አለ። ሚስቱ ሐኪም ቤት ሂድ ብትለው በዕረፍት ጊዜ እሄዳለሁ ይላል። የመምህር በሽታ ሁሉ ለዕረፍት ጊዜ ነው የሚቀጠረው።

ዕረፍቱ አልደረሰም። አንድ ጠዋት፣ ስለ አፈር መሸርሸር እያስተማረ፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ማይኩ እንደልማዱ ከፍ አደረገ። ዝናቡ ጨመረ፣ እሱም ጨመረ። ከዚያ በአንድ ቃል መሃል ድምፁ ጥርቅ አለ። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣ ነገር የለም። ተማሪዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከግድግዳው ወዲያ ኳ ኳ አሉ። አልሰማንም፣ ድገምልን ማለታቸው ነው። ማይኩ ጉሮሮውን ይዞ ኮምፔንሳቶውን አየው። እንደገና ኳ ኳ አሉ። የ"ሀ" ልጆች ሳቃቸውን ያቆሙት ያን ጊዜ ነው።

የጉሮሮ ሐኪሙ መሣሪያውን ከአፉ አውጥቶ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀው። ሚስቱ መምህር ነው ስትለው ሐኪሙ፣ እኔማ የታክሲ ረዳት መስሎኝ ነበር አለ። የድምፅ አውታሩ ላይ እባጭ አለ፤ መቀደድ አለበት፤ ከዚያ ወራት የሚፈጅ ዝምታ። ሹክሹክታም ቢሆን ክልክል ነው፣ እንዲያውም እሱ ይብሳል አላቸው።

ቤቱ ዝም አለ። ማይኩ የሚፈልገውን የሚናገረው በጠመኔ ነው፤ የመኝታ ቤቱ ቁም ሳጥን መዝጊያ ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ጥሩ ሰሌዳ ወጣው። "ሻይ አለ?" ይጽፋል። "ልጃችን ከትምህርት ቤት መጣች?" ይጽፋል። ሚስቱ ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ "ዛሬ ቁም ሳጥኑ ምን አለ?" ብላ ትጠይቃለች። የሚሳቅበት ቀን ነበር። ግን ማስጠናቱ ቀረ፤ የኪራዩ ግማሽ ከየት እንደሚመጣ ቁም ሳጥኑም አያውቅም።

አሁን ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይህ ድምፅ የጠፋው በሥራ ነው ወይስ በተራ ሕመም? ተራ ሕመም ከተባለ ደሞዙ መጀመሪያ በግማሽ ይቆረጣል፣ ቀጥሎም ጨርሶ ይቆማል፤ ቀዶ ሕክምናውንም ራሱ ይከፍላል፤ የሚከፍልበት ደግሞ የለውም። በሥራ የመጣ ጉዳት ከተባለ እስኪድን ሙሉ ደሞዝ ያገኛል፣ ሕክምናውንም መሥሪያ ቤቱ ይችላል። የሰው ኃይል ባለሙያዋ ይህን ስታስረዳቸው ደግ ፊት ነበራት። ጥፍሮቿን በደንብ የተቀባች፣ ፋይል ከፋይል ለይታ የምታስቀምጥ ወጣት ናት።

"ጉዳት ስንል ግን ድንገተኛ ነገር ነው" አለችው። "የወደቀብዎት ነገር አለ? የተደረመሰ ነገር?"

ማይኩ ከጠረጴዛዋ ብጣሽ ወረቀት ስቦ አንድ ቃል ጻፈላት። "ዝናብ።"

ባለሙያዋ ፈገግ ልትል ጀምራ ተወችው። ወረቀቷን ትንሽ ስታያት ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መንገዱን አሳየቻቸው። ኮሚቴ ይቀመጣል። ኮሚቴው ፊት አንድ የሥራ ባልደረባ ቀርቦ፣ ክፍሉ እንዲህ ነው፣ እንዲህ እንዲጮህ ያስገደደው ሥራው ነው ካለ ነገሩ ያልቃል። ጎረቤት ክፍል የሚያስተምረው መምህር ቢሆን ደግሞ ማን ይቃወመዋል አለች።

በዚያው ቅዳሜ ባልና ሚስት ወደ መጣሁ ቤት ሄዱ። መጣሁ በሩ ላይ አቅፎ አልለቅ አለው። ያቺ ታማ የነበረችው ልጅ አድጋ፣ ሻይ ይዛ መጥታ ጉልበታቸው ጋ ጠረጴዛ ሳበችላቸው። የማይኩ ሚስት የመጡበትን ተናገረች። መጣሁ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የውሸት እንባ አልነበረም።

"ለኔ ስትጮህ አይደለም እንዴ የሄደው?" አለ። "ይህን ካልመሰከርኩ እኔ ምን ሰው ነኝ?"

ማይኩ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሲወጡ የመጣሁ ሚስት እስከ መንገድ ሸኘቻቸውና የማይኩን ሚስት ክንዷን ይዛ ወደኋላ አስቀረቻት። የባሌ ሹመት የሚጸድቀው በዚያው ሳምንት ነው አለቻት። የኃላፊነት አበል አለው፣ የቤት አበል አለው። ክፍሉን ጥሎ ይወጣ ነበር የሚል ወሬ ቢሰማ፣ እንኳን ሹመቱ ያለውም ይነጠቃል። "እኔ ምንም አላልኩሽም እህቴ" ብላ ተመለሰች። የማይኩ ሚስት ይህን ለባሏ አልነገረችውም። ብትነግረው የሚመልስላት ቁም ሳጥን አጠገባቸው አልነበረም፤ ደግሞስ ሰውየው አልቅሶ የለም እንዴ?

ኮሚቴው የተቀመጠው በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው። መስኮቱ ላይ የላስቲክ አበባ፣ መደርደሪያው ላይ የእግር ኳስ ዋንጫዎች፣ ጥጉ ላይ ቀለም የጨረሰ ፕሪንተር። ርዕሰ መምህሩ፣ የመምህራን ማኅበሩ ተወካይና የሰው ኃይል ባለሙያዋ በአንድ ወገን፤ ማይኩና ሚስቱ ከግድግዳው ጋር በተጠጋ አግዳሚ። መጣሁ ኮት ለብሶ ገባ። ወደ አግዳሚው ሲያይ ፈገግ አለና ቶሎ ፊቱን መለሰ።

ክፍሉ እንዴት ነው ብለው ጠየቁት። ጥሩ ነው፣ እንደሌላው ነው አለ። ድምፁስ ምን ነበር? መጣሁ ግንባሩን ጠረገ።

"ማይኩ እኮ፣ ይቅርታ፣ መምህሩ፣ ድምፁ የተፈጥሮ ነው። ሻይ ቤት ገብቶ ሻይ ሲያዝ መንገድ ማዶ ያለ ሰው 'አቤት' ይለዋል።"

ሁሉም ሳቁ። የማይኩ ሚስት እንኳ ልትስቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር፤ እውነት ነዋ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ሊያመሰግን ብሎ፣ ግቢው በሙሉ ይሰማው ነበር፣ የትጋት ምልክት ነበር አለ። የማኅበሩ ተወካይ "ትጋት" የምትለዋን ቃል ጻፋት። ባለሙያዋ ብቻ አልሳቀችም። ወደ መጣሁ ጎንበስ ብላ፣ እርስዎ በማይኖሩበት ጊዜ የእርስዎን ክፍል ይሸፍኑልዎት ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው።

መጣሁ የኮቱን ቁልፍ ከፈተ፣ መልሶ ቆለፈ።

"እኔ ክፍሌን ጥዬ አላውቅም" አለ። ቀጥሎ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ጩህ ያለውም ሰው የለም።"

ማይኩ ከአግዳሚው ተነሳ። አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ወደ ጠረጴዛው ሄደና በጣቱ አጥንት ጣውላውን ኳ ኳ አደረገው። ዓይኑ መጣሁ ላይ ነው። እንደገና ኳ ኳ። ርዕሰ መምህሩ የመናገር ፈቃድ የጠየቀ መስሎት፣ እሺ መምህር፣ የሚሉት ካለ ይጻፉልን ብሎ ወረቀት ገፋለት። ማይኩ ወረቀቱን አላየውም። እዚያ ቢሮ ውስጥ ያች ምት ምን እንደምትል የሚያውቅ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ። መጣሁ ጫማውን እያየ ቆየ። አልደገመውም።

ተራ ሕመም ተባለ። ውሳኔው ላይ ስለ ትጋቱ ምስጋና ተጨምሮበታል። ማይኩ ቤት ሲገባ የድሮዋን የምስጋና ወረቀት ከግድግዳው አውርዶ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ከተታት፤ የውሳኔዋንም ወረቀት አብሮ።

ሚስቱ ያን ቀን ማታ ያለችውን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችምና። በመጣሁ አልተናደድኩም አለች። "ለሁለት ሰው አንድ ወንበር አስቀምጠው ተጋፉ አሏችሁ፤ ተጋፋችሁ። እሱ ተቀመጠ።" ከዚያ፣ ድሮ ስለዚያች ኳ ኳ በነገራት ጊዜ የመለሰችለትን ደገመችለት። "እኔ ፋርማሲ ስሠራ ሰው መስኮቱን እያንኳኳ፣ አባቴ ታሟል፣ መድኃኒት ስጪኝ ይለኛል። አንጀቴ ይንሰፈሰፋል። ግን መድኃኒቱ የፋርማሲው ስለሆነ መስጠት አልችልም። ድምፁ ግን ያንተ ነበር፤ ሰጠኸው። አንድ ቀን እንደሚያልቅ የነገረህ የለም፤ አንተም አልጠየቅክም።" ማይኩ ቁም ሳጥኑ ላይ ሊጽፍ ጠመኔ አነሳ፤ መልሶ ኪሱ ከተተው።

በሳምንቱ ወንድሙ መጣ። ሶፋው ላይ እግሩን አልዘረጋም። አልቀለደም፤ ማይኩን ከሁሉ የበለጠ የከበደውም ይኸው ነው። ሲወጣ ብቻ፣ በሩ ላይ፣ ለማይኩ ሚስት ቀስ ብሎ፣ በዚያ ድምፅ እኔ ጋ ረዳት ሆኖ ጥቂት ዓመት ቢጣራ ኖሮ ዛሬ የራሱ መኪና ይኖረው ነበር አላት። ረዳቶቹ በቀን የሚያገኙትን ነገራት።

ግማሽ ደሞዝ ይዞ፣ ግማሽ ኪራይ ከፍሎ አይታለፍም። አከራዩ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ግን እሳቸውም የሚኖሩት በኪራዩ ነው። ማይኩ ቀዶ ሕክምናውን ሳያደርግ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን ዝምታ ሳይጨርስ ወደ ክፍል ተመለሰ። አሁን ያለው ድምፅ ከታች የሚመጣ፣ ብርጭቆ ላይ አሸዋ እንደማሸት ያለ ነገር ነው። ፊት ወንበር ያሉት ይሰማሉ፤ መሃል ያሉት ይገምታሉ፤ ኋላ ያሉት ሰሌዳውን ያያሉ። አዳዲሶቹ ተማሪዎች ይህን ሰውዬ ለምን ማይኩ ትሉታላችሁ ብለው ቢጠይቁ ነባሮቹ፣ "ባትሪው አልቆ ነው" ይሏቸዋል። ክፋት የለባቸውም፤ ልጆች ናቸው። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ጆሮውን ወደ ግቢው ጥግ ይሰጥና ምንም ሲያጣ መታወቂያውን ይመልሳል።

መጣሁ ሹመቱን አገኘ። ቢሮው ከዋንጫዎቹ አጠገብ ነው። ከማይኩ ጋር መተላለፊያው ላይ ሲገጣጠሙ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ቀና ሳይል፣ "መጣሁ ወንድሜ፣ መጣሁ" እያለ ያልፋል። ለስምንተኛ "ለ" የሳይንስ መምህር ሊቀጠር ነው ተባለ። ማስታወቂያ ወጣ፤ ደሞዙን አይቶ የተመዘገበ አልተገኘም። እስኪገኝ ድረስ ልጆቹ በዚያ ሰዓት ዝም ብለው ይቀመጡ ተባለ። የመርሐ ግብሩን ሰዓት የለወጠው ሰው የለም።

ማይኩ ከተመለሰ ወዲህ የመጀመሪያው ዝናብ የመጣው በአንድ ጠዋት፣ በዚያው በሳይንስ ሰዓት ነው። ቆርቆሮው ላይ ጠጠሩ ተደፋ። ማይኩ ንግግሩን አቆመና እንደ ሌላው መምህር መጽሐፉን ከፍቶ ገጹን ሰሌዳው ላይ ጻፈላቸው። ልጆቹ ጎንበስ ብለው መገልበጥ ጀመሩ። እሱ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ።

ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ኳ ኳ አለ።

ልማድ ነውና ፊቱ ዞረ፣ አፉም ተከፈተ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው የክፍሉ አለቃ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችው። እንደገና ኳ ኳ። ማይኩ አፉን ዘጋ። ወደ ልጅቷ ጠጋ ብሎ በዚያ የአሸዋ ድምፁ፣ የራሳቸውን መምህር ይጠይቁ ብለሽ ንገሪያቸው አላት። ልጅቷ ብድግ አለች፤ ቀጭን ናት፣ ድምፅዋ ግን ዝናቡን ቆርጦ ወጣ።

"የራሳችሁን መምህር ጠይቁ ተብላችኋል!"

ከወዲያ ብዙ ልጆች አንድ ላይ መለሱ።

"መምህር የለንም!"

ልጅቷ ወደ ማይኩ ዞረች። መጽሐፉን ከጠረጴዛው አነሳች፤ ገጹን አገኘችው። እኔ ላንብብላቸው፣ ድምፄ ይደርሳል አለችው። እውነትም ይደርሳል። ማይኩ ትንሽ ሲያያት ቆየ፤ እሷም መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ፊቷን ወደ ኮምፔንሳቶው አድርጋ፣ አንብቢ እስኪላት ትጠብቃለች።

መጽሐፉን ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደው።

"ተቀመጪ" አላት። "ጉሮሮሽን ጠብቂ።"

ልጅቷ ተቀመጠች። ማይኩ መስኮቱ ጋ ተመልሶ ለክፍሉ ጀርባውን ሰጠ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ኮምፔንሳቶው ኳ ኳ ይል ነበር።